አሮጌ የእንጨት ቅርጽ ህትመት ስታገኙ ላጲስ አታንሱ

ከሥዕል ሥራ ሁሉ ለመረሳት የተመቸው የእንጨት ቅርጽ ህትመት፣ ጣውላ ላይ ተቀርጾ፣ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የሚታተመው ነው። ሸራ ግድግዳ ይይዛል፤ ወረቀት ግን ጥቅል ሆኖ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ከፍራሽ ሥር ይነጠፋል፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ይሾልካል። ሠዓሊው ራሱ ሃያ ሠላሳ ቅጂ አትሞ፣ ግማሹን ሸጦ፣ የቀረውን የት እንዳኖረው ይጠፋበታል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ነገር ፍለጋ ሲያተራምስ ብቅ ይላል። ያኔ እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ላጲስ ነው፣ ቀጥሎ ወደ ስልክ። ሁለቱም ትንሽ ይቆዩ።

ሥራው እኛ ዘንድ የቆየ ነው። ሀምቡርግ ተወልዶ ብራዚል የከረመው፣ ስሙንም ከባሂያ ግዛት የወሰደው ጀርመናዊ ሠዓሊ ሃንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 አዲስ አበባ፣ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ዘሪሁን የትምጌታ የእንጨት ቅርጽን የተማረው ከእሱ ነው። ከዚያ ዘመን ወዲህ የታተመ ወረቀት ሻንጣ ውስጥ በቀላሉ ስለሚገባ፣ አንዱ ቅጂ ፒያሳ አካባቢ ካለ ቤት ሲወጣ ወንድሙ ፍራንክፈርት ወይም ዋሽንግተን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እጃችሁ የገባው ነገር ብቻውን እንዳልሆነ ገምታችሁ ያዙት።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ይለይ። የክፍሉን መብራት አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ ከወረቀቱ ጎን አጋድማችሁ አብሩ። የእንጨት ቅርጽ ከሆነ ቀለም ያረፈበት ቦታ ወደ ውስጥ ገባ፣ በጀርባ በኩል ደግሞ ወጣ ብሎ ይታያል። በማንኪያ ወይም በጭልፋ ታሽቶ የታተመ ወረቀት ጀርባው ላይ እንደ አሮጌ ቆዳ የሚያብረቀርቁ የክብ ፍትጊያ ምልክቶች አሉት፤ በማሽን የታተመው ግን ግፊቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ቀጥሎ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዙ። መስመሩ ዳርና ዳሩ ጠቆር፣ መሐሉ ሳሳ ካለ፣ ቀለሙ በግፊት ወደ ጠርዝ ሸሽቷል ማለት ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው። በረድፍ የተሰለፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካያችሁ ግን የያዛችሁት በኦፍሴት የተባዛ ፖስተር ነው፤ ጥቁሩ ሰፊ ቦታ ላይ እንጨቱ ራሱ አሻራውን ይተዋል፣ ፖስተሩ ግን ያንንም በነጠብጣብ ነው የሚያሳየው። ዝግባ ቀጥ ያለ ቀጭን ጭረት ይሰጣል፤ ጉጥ ያለበት ጣውላ ደግሞ ጥቁሩ መሐል ዓይን የመሰለ ክብ ያወጣል። የእንጨት ጭረት ባይኖር ግን ሐሰተኛ ነው አትበሉ። ሊኖሊየም (ላስቲክ መሰል የወለል ንጣፍ) ላይ ወይም ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) ላይ የተቀረጸም ጭረት የለውም።

ፊደል ካለበት ሌላ መፈተሻ አላችሁ። ጣውላ ላይ ጽሑፍ ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፤ ሲታተም ይቃናል። «በ» እና «ሀ» ግራና ቀኛቸው ስለሚመሳሰል ቢገለበጡም አያጋልጡም። የሚያጋልጡት ካዕብና ሣልስ ናቸው፦ የ«ቡ» ክንድም የ«ቢ» እግርም በቀኝ መሆን አለበት። በግራ ካያችሁት፣ ወይ ቀራጩ ረስቶ ቀጥታ ቀርጾታል፣ ወይ የምታዩት ፎቶ ተገልብጧል። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩ የአሮጌ ሥራዎች ፎቶ ከስላይድ ፊልም ሲቀዳ አንዳንዴ እንዲህ ሆኖ ይቀራል፤ ፊደል የሌለበት ሥራ ከሆነማ ማንም ሳያውቅ ዓመታት ይዞራል።

ዓመተ ምህረቱ ከዚህም የባሰ ወጥመድ ነው። ከሥዕሉ ሥር በእርሳስ «59» ተብሎ ተጽፎ ብታገኙ፣ አማርኛ የማያነብ ካታሎግ አዘጋጅ 1959 እ.ኤ.አ. ብሎ ይመዘግበዋል። ያኔ ሃንሰን ባሂያ አዲስ አበባ ገና አልደረሰም። ሠዓሊው የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ 1959 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. 1966/67 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት ጻፉ፤ አንዱን ብቻ መርጦ መጻፍ መገመት ነው። አጠገቡ «7/25» ዓይነት ቁጥር ካለ ከ25 ቅጂ ሰባተኛው ማለት ነው። በላቲን «ኤ» እና «ፒ» የተጻፈበት ደግሞ ሠዓሊው ለራሱ ያስቀረው ነው። ቁጥር የሌለው ቅጂ ግን ብዙ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሙከራ የታተመ ሁሉ ቁጥር አይሰጠውም።

ይህ ሁሉ መረጃ የተጻፈው በእርሳስ ነው። ላጲስ አታንሱ ያልኩት ለዚህ ነው፤ አንድ ጊዜ እጃችሁ ከሳተ ፊርማውም ቁጥሩም የለም።

ፍሬም ውስጥ ከሆነ በመስታወቱ በኩል ደፍታችሁ ምስማሮቹን በጉጠት ንቀሉ፤ በመዶሻ አትነካኩት፣ መስታወቱ ተሰንጥቆ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ እዚያው አቁሙ። በመስታወቱ ላይ ፎቶ አንሱትና ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ተዉት፤ ሲላጥ መጀመሪያ የሚቀረው ጥቁሩ ቀለም ነው። ከጀርባ የተደገፈበት ካርቶን ቡናማ ሆኖ ከሆነ አሲዱ ወደ ወረቀቱ እየገባ ስለሆነ ያ ካርቶን ዛሬውኑ ይውጣ። በላዩ የተጻፈ ነገር ወይም የፍሬም ሠሪ ማኅተም ካለበት ግን ለብቻው ይቀመጥ፤ አትጣሉት።

አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር ይጠረጋል። የሴቶች የፊት ዱቄት መቀቢያ ሰፊ ብሩሽ፣ አዲስ ከሆነ፣ ከብዙ የሥዕል ብሩሽ ይሻላል። ህዳጉ ላይ የቀረ እድፍ ካለ ነጭ የፕላስቲክ ላጲስ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቃችሁ ፍርፋሪውን በጣት ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ አንከባልሉት፤ ከእርሳስ ጽሑፍ ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር ራቁ። የታተመው ጥቁር ላይ ግን ፍርፋሪም አይነካም። የዘይት ቀለም ሲፈተግ ይወለወላል፣ አንዱ ቦታ ብቻ እያብረቀረቀ ይቀራል። የዳቦ ልብ የሚያዘወትሩ አሉ፤ እድፍ ያነሣል፣ እውነት ነው፣ ግን ቅባትና ስታርች ትቶ ለብል ምሳ ያዘጋጃል።

ቡናማ ነጠብጣቡን ለማጥፋት በረኪና የሚያስብ ሰው ሁልጊዜ አለ። በዚያ ቀን ወረቀቱ እንደ አዲስ ይነጣል። ክሎሪኑ ግን ክሩ ውስጥ ቀርቶ ወረቀቱን ያደክመዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከበፊቱ ብሶ ይበልዛል፣ ሲታጠፍም እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ነጠብጣቡ የሚመጣው በአብዛኛው ከሻጋታና ወረቀቱ ውስጥ ካለ ጥቃቅን ብረት ነው፤ የሚስፋፋው አየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ባለበት ይቆማል። እኔ እንዳለ መተዉን እመርጣለሁ። ስኮችም እንዲሁ፦ ፕላስቲኩ ደርቆ በራሱ ከለቀቀ አንሡት፤ ገና የያዘውን ግን አትሳቡ፣ የወረቀቱን ቆዳ ይዞ ይመጣል።

ተጠቅልሎ የኖረ ወረቀት በግድ አይዘረጋም፤ ቀለሙ በጥቅሉ አቅጣጫ ይሰነጠቃል። ማለስለስ የሚቻለው በእንፋሎት ሳይሆን በቀስታ በሚገባ እርጥበት ነው። ከዚያ በፊት ማኅተም ወይም የብዕር ጽሑፍ ካለ ጫፉን በረጠበ ጥጥ ነካ አድርጉት፤ ጥጡ ላይ ቀለም ከወጣ ይህን ሥራ አትጀምሩት። ካልወጣ ክዳን ያለው ሰፊ ፕላስቲክ ሳጥን ውሰዱ፣ ከሥር በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ፎጣ አንጥፉ፣ ከፎጣው በላይ የፕላስቲክ ፍርግርግ አስቀምጡና ወረቀቱን እሱ ላይ አድርጋችሁ ክደኑት። የብረት ሽቦ አይሆንም፣ ዝገቱ ይታተምበታል። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይበቃል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ክዳኑን ገልጣችሁ እዩ። ወረቀቱ ሲነካ ቀዝቀዝ ብሎ እንደ ጨርቅ ሲተኛ ደርሷል። ረስታችሁት ካደረ ሻጋታ ትጠብቃላችሁ። ከሳጥኑ ሲወጣ ውሃ የሚመጥ ነጭ ወረቀት ከላይም ከታችም አድርጋችሁ፣ ለስላሳ ጣውላ ጭናችሁ፣ አንድ 10 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ላዩ ላይ አስቀምጡ። መጣጩን ወረቀት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለውጡ፣ ማታ እንደገና፣ ከዚያ በየቀኑ እስከ አንድ ሳምንት። ቶሎ ያወጣ ሰው በማግሥቱ ወረቀቱ ተመልሶ ሲጠቀለል ያገኘዋል።

ወረቀቱ ጠፍቶ ጣውላው የተገኘ እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚህ ጋ ፈተናው «አንድ ብቻ ላትም» የሚለው ነው። ጣውላው ውስጥ ነቀዝ ካለ መጀመሪያ እሱ ይታያል። ከቀዳዳዎቹ ሥር ትኩስ፣ ፈዛዛ ዱቄት ከወደቀ ነቀዙ አሁንም እየበላ ነው። በፕላስቲክ አየር እንዳያስገባ አድርጋችሁ ጠቅልሉትና ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ሲወጣ ደግሞ ጥቅሉ ሳይፈታ አንድ ሙሉ ቀን ክፍል ውስጥ ይደር። ቀዝቃዛውን ወዲያው ብትፈቱት ጠል ይወርድበታል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል።

ውሃ ጣውላው ላይ አይፈስም፤ አቧራው በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይወጣል። ቅርጹ ውስጥ የደረቀ ቀለም ካለ በእንጨት ስንጥር የሚነሣውን ብቻ አንሡ፤ መሮ ወይም መርፌ ካስገባችሁ ሠዓሊው ያልቀረጸውን መስመር እናንተ ትቀርጻላችሁ። ከዚያ ቀለም ሳይነካው ምስሉን ማየት ይቻላል። ቀጭን ወረቀት በላዩ ዘርግታችሁ ለስላሳ እርሳስ፣ 6ቢ ከተገኘ፣ በጎኑ አጋድማችሁ አሹት። ምስሉ ይወጣል፣ ጣውላው ምንም አይሆንም። ብዙ ጊዜ ለማካፈል ይኼው ይበቃል።

ስንጥቆቹንም ልብ በሉ፣ ሰዓት ናቸው። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረሽት ዱረር በ1515 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አውራሪስ ጣውላው ከእሱ ሞት በኋላም እየታተመ ኖሯል፤ የኋለኞቹ ቅጂዎች እግሮቹን አቋርጦ በሚያልፍ ነጭ የስንጥቅ መስመርና በነቀዝ ቀዳዳ ይታወቃሉ። እናንተም ጋ አንድ አሮጌ ቅጂና ጣውላው አብረው ከተገኙ ጎን ለጎን አስተያዩ። ስንጥቁ ወረቀቱ ላይ በነጭ መስመር ከታየ ወረቀቱ የታተመው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው።

ማተም የግድ ከሆነ፣ የሠዓሊውም ወይም የወራሾቹ ፈቃድ ካለ፣ ማሽኑን ተዉት። ሲሊንደር ለጎበጠ አሮጌ ጣውላ አይራራም፣ ለሁለት ይከፍለዋል። የእንጨት ጭልፋ ጀርባ ግን ጉብጠቱን ተከትሎ ይሄዳል። በዘይት የተሠራ የህትመት ቀለም መስታወት ላይ በሮለር ይዘረጋል፤ ለ40 በ50 ሳንቲሜትር ጣውላ ለመጀመሪያው ዙር አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ልኩን የሚነግራችሁ ድምፁ ነው፦ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ሽርር ካለ ደህና ነው፣ ጭቃ እንደሚረግጥ ጫማ ጯ ጯ ካለ በዝቷል። ቀለሙ ወፍሮ ወረቀቱን የሚልጥ ከሆነ ጥቂት ጠብታ የተልባ ዘይት ያላላዋል። ጣውላው ላይ ስስ አድርጋችሁ አምስት ስድስቴ በተለያየ አቅጣጫ አስኪዱት። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ የለጠፈ ሰው ጥቃቅኑን ቅርጽ ይደፍነዋል፤ የተደፈነ ቅርጽ ደግሞ ያለ ፈሳሽ አይከፈትም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ህትመቶች ፈዘው ይወጣሉ፤ ዘይቱን የደረቀው እንጨት ስለሚጠጣው ነው፣ ጋዜጣ ላይ ይለቁ። ለጭልፋ በካሬ ሜትር ከ60 እስከ 90 ግራም የሚመዝን ለስላሳ ወረቀት ይስማማል፤ 250 ግራሙ ክንድ ይሰብራል እንጂ ምስል አያነሣም። የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት በላዩ አድርጋችሁ ከመሐል ወደ ዳር በትንንሽ ክብ እሹ። አንዱን ጫፍ በክብደት ይዛችሁ ሌላውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ጨው የተነሰነሰበት የመሰለ ጥቁር ካያችሁ ቀለሙ ወይም ግፊቱ አንሷል፣ ሳታነሡት ያንኑ ቦታ ጨምሩለት። በበጋ በሳምንት ይደርቃል። በሐምሌና በነሐሴ ከሁለት ሳምንት በፊት አትደራርቡት። ከጨረሳችሁ በኋላ ጣውላውን በምግብ ዘይት በነካ ጨርቅ አብሱትና በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፤ ነጭ ጋዝ ቀለሙን ቶሎ ይፈታል፣ ግን እንጨቱን ያደርቃል፣ መስኮት ዘግቶም አይሠራበትም።

አዲሱ ቅጂ ላይ ምን እንደሚጻፍ ከማተም በፊት ይወሰን። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ጎጋን በ1893 እና 1894 እ.ኤ.አ. ኖአ ኖአ ለሚባለው ሥራው አሥር ጣውላዎች ቀርጾ ጥቂት ቅጂ በእጁ አተመ፤ ሉዊ ሯ የሚባል ሌላ ሠዓሊም አተመለት። ልጁ ፖላ ደግሞ በ1921፣ አባቱ ከሞተ 18 ዓመት በኋላ፣ ኮፐንሃገን ላይ ከየጣውላው 100 ቅጂ አወጣ። ጣውላው ያው፣ ምስሉ ግን ይለያያል፦ የአባቱ ጥላ የበዛበትና ብዥ ያለ፣ የልጁ ጥርት ያለ። ፖላ ግን ቀርጾ የሠራው አባቱ፣ ያተመው እሱ መሆኑን ወረቀቱ ላይ ጽፎበታል። እናንተም «ድጋሚ ህትመት»፣ ያተመው ሰው ስምና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉ። የድሮው እትም 25 ከነበረ 26ኛ ብላችሁ አትቀጥሉ፤ ሃያ አምስት ብቻ ነው ተብሎ የገዛ ሰው አለ። ጣውላው ላይ ዳር እስከ ዳር የተሠነዘረ ትልቅ የኤክስ ጭረት ካለ ሠዓሊው እትሙን ዘግቶታል ማለት ነው። አትደፍኑት፣ አታትሙበትም።

ለማካፈል ፎቶው ሲነሣ ፍላሽ ይጥፋ። ደመናማ ቀን መስኮት አጠገብ፣ ወይም ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ የቆሙ ሁለት እኩል መብራቶች፣ ካሜራው ከወረቀቱ ጋር ፍጹም ትይዩ። ከ30 ሳንቲሜትር ያነሰ ሥራ ከሆነ ስካነር በ600 ዲፒአይ ይሻላል፤ ወረቀቱ ካልተዘረጋ ግን በክዳኑ አትጫኑት። የእርሳሱ ጽሑፍ በቅርብ ለብቻው ይነሣ። ኮንትራስቱን ከፍ አድርጎ ወረቀቱን ማንጣት የሚወድ ብዙ ነው፤ እንዲህ ሲሆን የእንጨቱ ጭረት ጥቁሩ ውስጥ ይሰምጣል፣ የወረቀቱም ዓይነት አይታወቅም። ቴሌግራም ላይ በፎቶነት ከላካችሁት ይጨመቃል፤ «ፋይል» በሚለው ላኩት።

ወረቀቱ የእናንተ መሆኑ መብቱን የእናንተ አያደርገውም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪው ኢኮኖሚያዊ መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሠዓሊው እናንተው ከሆናችሁ ጉዳይ የለውም። ሌላ ሰው ከሆነ ካርድና ቲሸርት ከማሳተም በፊት ወራሾቹን ፈልጉ።

ከፎቶው ሥር የሠዓሊው ስም፣ ርዕሱ እንደተጻፈው፣ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የምስሉ ልክ ቁመቱ ቀድሞ፣ የወረቀቱም ልክ፣ የቅጂው ቁጥር ይግባ። የጀርባውንም ፎቶ አብራችሁ ልቀቁ። የፍሬም ሠሪ ማኅተም፣ በጥድፊያ የተጻፈ ዋጋ፣ የስጦታ ቃል ያለው እዚያ ነው፤ ሌላኛውን ቅጂ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ፍሬሙን ገልብጦ የራሱን ከእናንተ ጋር ማስተያየት የሚችለው በዚያ ነው።